ቀዩን ቁልፍ ማን ተጫነው?

የአውቶቡስ ሾፌሩን ልጅ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ግቢው በሙሉ «ዳኛዋ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ሁለት ሰው በሆነ ነገር ከተከራከረ፣ ስለ ኳስም ይሁን ስለ ጨረቃ፣ «እስቲ ዳኛዋን ጥሯት» ይባላል። እሷም ጨዋታዋን ትታ ትመጣና ትፈርዳለች። ስትፈርድ የገዛ አባቷንም አትምርም። እኔ ግድግዳ ተጋሪያቸው ነኝና ስንቱን ክርክር ተሸንፌላታለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመት እንደሞላት በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የጥያቄና መልስ ውድድር ገባች። ያስመዘገበቻት እናቷ ናት። እናትየው በሰው ሱቅ ተቀጥራ ልብስ የምትሰፋ፣ እጇ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ፣ ስትስቅ እኔ ቤት ድረስ የምትሰማ ሴት ናት። ከሥራ ስትመለስ ሽንኩርት እየከተፈች ጥያቄ ታዘንብባታለች፤ ልጅቷ ደግሞ በር ላይ ተደግፋ ትመልሳለች። አንድ ልማድ አላት። መልሱን በደንብ ስታውቀው ዓይኗን ትጨፍናለች። «ኧረ አታንቀላፊብኝ!» ትላታለች እናቷ፣ ሁለቱም ይሳሳቃሉ።

አባትየው ግን ነገሩ አልጣመውም። ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። አንድ ቀን ጫማውን እያወለቀ፣

«ይሄ ቁማር ነው» አለ። «ትምህርቷን ብትይዝ ይሻላታል።»

«ላንተ ያልገባህ ነገር ሁሉ ቁማር ነው» አለች እናት። «ልጄ ታሸንፋለች፤ ምን አለች በለኝ!»

ልጅቷ በደስታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አባቷን ዞራም አላየችው።

የውድድሩ ሕግ እንዲህ ነው። ተወዳዳሪው በትክክል በመለሰ ቁጥር ገንዘቡ እያደገ ይሄዳል፤ አንዴ ከተሳሳተ ሁሉም ይቀራል። ወላጆቹ ሌላ ክፍል ተቀምጠው በስክሪን ያዩታል። ፊታቸው ቀይ ቁልፍ አለ። ልጁ ከመመለሱ በፊት ከተጫኑት፣ እስከዚያ የተገኘውን ገንዘብ ይወስዳሉ፣ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። ልጁ እነሱን አያያቸውም፣ አይሰማቸውም።

ዳኛዋ እየመለሰች፣ እየመለሰች እስከ መጨረሻው ጥያቄ ደረሰች። አቅራቢው ካርዱን አነሳና፣

«በሰው አካል ውስጥ ከሁሉም ትንሿ አጥንት የምትገኘው የት ነው?» አላት።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ጥሩምባው ጮኸ፤ መድረኩ በቀይ መብራት ተሞላ። ክው አለች።

«ቤተሰብሽ ቁልፉን ተጭኗል» አለ አቅራቢው። «ለመሆኑ ምን ልትዪ ነበር?»

«ጆሮ ውስጥ።»

«ትክክል ነበርሽ!» አለ፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ።

ከመድረክ ወርዳ ኮሪደሩ ላይ ወላጆቿን ስታገኛቸው መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ገንዘቡ አልነበረም።

«ማነው የተጫነው?»

እናትየው መሬት መሬት አየች። አባትየው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እኔ ነኝ» አለ።

«አውቄው ነበር» አለች ልጅቷ። «ድሮም አታምነኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷን ዘጋችው። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ሰላም ሲላት ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዶፍ ዝናብ ያዛት። አባቷ በዚያው መስመር ሲነዳ አያትና ፌርማታ ባልሆነ ቦታ አውቶቡሱን አቁሞ በሩን ከፈተላት። ተሳፋሪው «ሹፌር፣ ምን ቆመህ ነው?» እያለ ይጮህበታል። እሷ አይታ እንዳላየች እየበሰበሰች አለፈች። እሱም ትንሽ ጠበቃት፣ በሩን ዘጋና ሄደ።

እናትየው በተገኘው ገንዘብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የራሷን የልብስ ስፌት ከፈተች። ማሽኑ የመጣ ቀን ልጅቷ አንዱን ጫፍ ይዛ አብራ አስገባች፤ መስታወቱን ወለወለች፣ መጋረጃ ሰቀለች። «ቢያንስ ለእማዬ ሆነ» አለችኝ። «እንጂ እሱ ጉድ ሠርቶኝ ነበር።»

ፕሮግራሙ የተላለፈው ከሳምንታት በኋላ ነው። ግቢው በሙሉ እነሱ ቤት ተሰበሰበ፤ ወንበር ስላልበቃ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ዳኛዋ መሬት ላይ፣ ከእናቷ ጉልበት ሥር ነበረች። አባትየው በሩ አጠገብ ቆሟል። እናትየው «ራሴን አሞኛል፤ ይጥፋ» ብትል ማን ሊሰማት! ልጅቷ አንድ በመለሰች ቁጥር ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል።

የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። ካሜራው የወላጆቹን ክፍል አሳየ። እናትየው እጇን ወደ ቁልፉ ስትልክ አባትየው አንጓዋን ያዛት።

«ተያት!» ይላል በስክሪኑ ላይ። «ዓይኗን ጨፈነች እኮ፤ ታውቀዋለች!»

እናትየው እጇን መንጭቃ አስለቀቀችና ተጫነችው።

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ልጅቷ ከእናቷ ጉልበት ሥር ቀስ ብላ ተነሳች። እኛም ሹልክ፣ ሹልክ እያልን ወጣን፤ ግን ግድግዳው ስስ ነው።

«ፈራሁ ልጄ» ትላለች እናት እያለቀሰች። «ዕድሜ ልኬን ለሰው ስሰፋ ኖርኩ። ያ ገንዘብ ከፊቴ ሊጠፋ ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ብትፈሪ ምን አለበት! ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሱ እኔ ነኝ ሲል አፌ ተያዘ።»

«አባዬን ዝናብ ላይ ጥዬው ያለፍኩ ቀን መጥቼ ነግሬሻለሁ። ያኔስ አፍሽ ተይዞ ነበር? እንኳን አደረግሽ አልሽኝ እኮ፣ እማዬ! እንኳን አደረግሽ!»



በማግስቱ ልጅቷ አባቷን ፍለጋ አውቶቡስ መነሻው ድረስ ሄደች። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ መሪውን ተደግፎ ዳቦ ሲበላ አገኘችው። ከኋላው ካለው ወንበር ተቀምጣ ስታለቅስ ከዳቦው ቆርሶ ሰጣት።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ካንዳችን መጣላትሽ ካልቀረ» አለ፣ «ከእኔ ጋር ይሻላል ብዬ ነዋ። ከእኔ ጋር ድሮም ብዙ አታወሪም።»

ልጅቷ በለቅሶዋ መሃል ሳቀች፤ መልሶ ግን ባሰባት። አባቷም ቢሆን እውነቱን እንደደበቃት አልጠፋትም፤ እሱን ይቅር ለማለት ግን ጊዜ አልፈጀባትም።

ከእናቷ ጋር አልተጣሉም። ቤት ውስጥ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። ሽንኩርት እየተከተፈ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ቀረ። እናትየው አንዴ ልትሞክር «የዓለም ረጅሙ ወንዝ...» ብላ ስትጀምር፣ ልጅቷ «ፈተና አለብኝ» ብላ ደብተሯን ይዛ እኔ ቤት መጣች። ለመልቀቂያ ፈተናውም እኔ ጋ ነው ያጠናችው። ማለፏን ለአባቷ በስልክ ነገረችው፤ እናትየው የሰማችው ሱሪ ልታሳጥር ከመጣች ደንበኛ ነው።

አሁን ዳኛዋ ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ስፌቱ ሠምሯል፤ እናትየው ሁለት ሠራተኛ ቀጥራለች። ባለፈው ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ ስለ ልጅቷ ጠየቅኳት። የሜትሩን ጫፍ ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ሳትደውል አትውልም» አለችኝ። «የበላችውን፣ የለበሰችውን ሁሉ ትነግረኛለች። የጨነቃት ነገር ሲኖር ግን ‹አባዬ አለ?› ነው የምትለው። እኔም ስልኩን ሰጥቼው እወጣለሁ።»

ከዚያ ክንዴን እንዳነሳላት ነገረችኝና ልኬን ወሰደች።