ማማ ላይ የተጠና መርዶ

የልጄ ልጅ ሐያት ከስልኳ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ካልነገረችኝ አይሆንላትም። ባለፈው ሰሞን በረንዳ ላይ ማንጎ ስልጥ «እማማ፣ ጉድ ስሚ!» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ለካ ያኔ ፈረንጆቹ ጨረቃ ላይ ሰው ሲልኩ፣ ሰዎቹ መመለስ አቅቷቸው እዚያው ቢቀሩ መሪያቸው ለሕዝቡ የሚያነበው የሐዘን ንግግር አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጦ ኖሯል። ሰዎቹ በደኅና ተመለሱና ወረቀቱ ሳይነበብ ቀረ። «በሕይወት ላሉ ሰዎች! አያስቅም?» አለችኝ።

እኔን አላሳቀኝም። ቢላውን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ ግቢውን ዞርኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ተነሣሁ። መርዶ አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው እኛም ቤት ነበረና።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ከሚሴ ዳር፣ እርሻችን ጨፋ ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እናቴ ፋጡማ ወታደር የጫነ መኪና በአስፋልቱ ባለፈ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትወጣለች። እኔም ያኔ ኮረዳ ነበርኩ፤ ተከትያት እወጣለሁ። መኪናው ያልፋል፤ ወጡ ያርራል። የዚያን ዓመት ያላረረ ወጥ የበላን አይመስለኝም።

አባቴ ደግሞ በአገሩ የታወቀ መርዶ ነጋሪ ነበር። እንደ ሥራ አትቁጠሩት፤ አንደበቱ ለዘብ ያለ ሰው ስለሆነ ሞት በተሰማ ቁጥር ሽማግሎቹ እሱን ያስቀድማሉ። በኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ወሬው ማታ ቢደርስ እንኳ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ተኝቶ ይደር ይባልና፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ስለዚህ ያን ጊዜ ልጅ የዘመተበት ቤት ሁሉ በማለዳ የሚንኳኳ በር ይፈራል። ወዳጅ እንኳ አስቦ ፀሐይ ሳትወጣ አይመጣም።

ኅዳር ላይ ማሽላው አሽቶ አባቴ ከማማው አይወርድም ነበር፤ ወፉ መቼ ያስቀምጣል! አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በቅቤ የተለወሰ ቂጣና እርጎ ይዤለት ስሄድ ድምፁን ሰማሁ። ወፍ የሚያባርርበት ድምፅ አይደለም። ሰው አጠገቡ ያለ ይመስል በቀስታ ያወራል።

«ፋጤ፣ አላህ አደራ ሰጥቶን ነበር፤ ባለቤቱ አደራውን ወሰደ። ሰይድ የተወለደ ቀን ቦርከና ሞልቶ እኔ ማዶ ቀረሁ፤ ብቻሽን አማጥሽው። ዛሬ ግን ማዶ አይደለሁም። ይኸው አጠገብሽ ነኝ።»

እርጎው ከእጄ ወደቀ። «አባዬ! ሰይድ ሞተ?»

ወንጭፉን ጥሎ ወረደ። «አስተግፊሩላህ! ማን አለሽ?»

«አሁን ራስዎ ሲሉ ሰማሁ!»

«ወላሂ ምንም አልመጣም ልጄ።» መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ። «ለስንቱ ቤት መርዶ ስናገር አፌ አልተያዘም። ለእናትሽ ሲሆን ግን ቃል የሚጠፋኝ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ከሚነግራት እኔ ልንገራት ብያለሁ። ታዲያ ሳልዘጋጅ ቢመጣብኝስ?»

«ይሄማ ሟርት ነው!»

«ሟርት ነው» አለ። «ግን መተው አቃተኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ።»

አልነገርኩም። ግን እርፍ ብሎ መቀመጥ የሚባል ነገር ከላዬ ጠፋ። ማለዳ ከሁሉ ቀድሜ እነቃና ጆሮዬን በሩ ላይ እጥላለሁ። ውሻ ሲጮህ ዘልዬ እነሣለሁ። እናቴ «ምነው አንቺ ልጅ፣ ቂጥሽ መሬት አልነካ አለ?» ትለኛለች።

አንድ ማለዳ አባቴ ሶላቱን ሰግዶ ወደ እርሻ ሊወጣ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሦስት ሽማግሎች ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰንበቴ ከተማ ገበያ አባቴ ከብት ሲሸጥ የሚያውቃቸው ናቸው።

«አካም ቡልተን» አሉ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ደኅና ነን፤ ግቡ፣ አረፍ በሉ» አላቸው አባቴ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ ትልቁ።

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። እጁን አነሣ። «ቆዩ፤ እናንተ አትንገሯት። እኔ ልንገራት።» ዞሮ የእናቴን ሁለት እጆች ያዘ። አደራውን፣ ቦርከናን፣ ማዶውን፣ ሁሉንም ከማማው ላይ እንደሰማሁት፣ ድምፁ ሳይሰበር ነገራት። የእናቴ ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ አወጣ። እኔም መሬት ላይ ወደቅሁ። ሽማግሎቹ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ፤ አንዱማ ልጁ ሌሊቱን የሞተ መስሎት ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል።

አባቴ እንባውን እየጠረገ «የት ነው የወደቀው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ማን?» አለ ትልቁ።

«ልጄ ነዋ!»

«ያ አላህ! እኛ ስለ ልጅህ ምን እናውቃለን? እዚሁ ዘመድ ቤት አድረን፣ እርሻ ሳትሄድ እንድረስበት ብለን ነው። የመጣነው ዘሐራን ለልጃችን ለመጠየቅ ነው!»

ዘሐራ እኔ ነኝ። የጋብቻ ሽማግሌም ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ፍርሃት ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

እናቴ ለቅሶዋን አቋርጣ አባቴን ትክ ብላ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት «ይሄን ቃል ከየት አመጣኸው?» አለችው። «እንዲህ ያለ ቃል ድንገት አፍ ላይ አይገኝም። ልጄን በቁሙ ቀብረህ ነው ለካ አብረኸኝ የምትበላው!»

ሽማግሎቹ ሹልክ ብለው ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡ። ያሰበኝ ሰውዬ ማን እንደሆነ ዛሬም በውል አላውቅም። አልፈርድበትም፤ እንዲህ ያለ ቤት ማን አማች ይሆናል? እናቴ ግን ማሽላው ተቆርጦ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ እስኪገባ ለአባቴ ቃል አልተነፈሰችም። ምግቡን ታቀርብለትና ፊቷን ታዞራለች።

ደርግ ወደቀ። የተበተነው ወታደር በእግሩ በከሚሴ ሲያልፍ እናቴ ውኃ ይዛ አስፋልት ዳር ቆማ ስንቱን ጠየቀች! ሰይድ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። የላከው መንግሥት የለ፣ ማን ይንገራት? ሞተ ሳይባል አይለቀስ፤ አለ ተብሎም አይታመን። ያ ነገር እኔንም አንገበገበኝ። ዓመታት እንዲሁ ሄዱ።

አንድ ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ሦስታችን ደጅ ተቀምጠን ሳለ እናቴ «እስቲ ያን ቀን ያሉኝን ይበሉኝ» አለችው።

«የቱን?» አለ አባቴ። ያወቀ መሰለኝ።

«የቦርከናውን።»

እርጅና ተጫጭኖት ነበር። ጀመረ፤ አደራው ላይ ተደናቀፈ፤ እንደገና ጀመረ። ያ ሁሉ የተጠና ቃል ጠፍቶበት «ማዶ አይደለሁም ፋጤ፣ ማዶ አይደለሁም» ብቻ ይላል። ስንቱን ያጽናና ሰው ተንተባተበ። እናቴ እጁን ያዘችው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ሞት ሲሰማ የሚባለውን። በማግስቱ በግ ታርዶ ሰደቃ ወጣ፤ ወንድሜ ተለቀሰ።

ይሄን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። ስልኳን አስቀምጣ «ታዲያ እማማ፣ ማዘጋጀታቸው ጥፋት ነበር?» አለችኝ። ያኔ ሟርት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የሚወዱት ሰው ፊት ባዶ አፍ ይዞ መቆምን የፈራ ሰው ነበር እላለሁ። ደግሞ እናቴ ትዝ ትለኝና እሱንም መልሼ እውጠዋለሁ።

ለሐያት ያልነገርኳት ነገር አለ። አባቷ፣ ያው ልጄ፣ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። ስልኩ አልነሣ ብሎ የዋለ ቀን እጄ ሥራ አይይዝም፤ ከንፈሬ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ትናንትም እንዲሁ ሆንኩ። «ሐያትዬ፣ ነይ እስቲ አጠገቤ ተቀመጪ» የሚለው ላይ ስደርስ ነው አፌን በእጄ የያዝኩት።