የወንድሜ እንጥል

ልጅ እያለሁ፣ ቢቸና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ የሰውን አካል የተማርኩት በአመድ ነው። ትምህርት ቤታችን የአካል ሥዕል አልነበረውም። የሳይንስ መምህራችን ከክፍሉ ረጅሙን ልጅ ሜዳው ላይ አጋድሞ ዙሪያውን አመድ በተነበት። ልጁ ሲነሳ መሬቱ ላይ ነጭ ሰው ቀረ። ከዚያ እኛን በየቦታችን አቆመን፤ ሁለት ወንዶች ሳንባ ሆኑ፣ አንዷ ልብ፣ የወፍጮ ቤቱ ወፍራም ልጅ ጨጓራ፣ ስምንት ልጆች ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንጀት። ዝናብ የነካው አመድ ሲሸተኝ ዛሬም ያ ሜዳ ፊቴ ይመጣል።

ለእኔ የደረሰኝ እንጥል ነበር። ልብ መሆን አምሮኝ ስለነበር አኮረፍኩ። አንጀቶቹ «እንጥል ወረደች! እንጥል ወረደች!» እያሉ ሳቁብኝ። መምህሩ ዝም አሰኛቸውና ሥራዬን ነገረኝ። ሰው ሲውጥ ከላንቃው ጋር ወደ ላይ ተነስቼ የአፍንጫውን መንገድ እዘጋለሁ፤ የሚዋጠው ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ። «ሰውነት ውስጥ ሥራ ፈት የለም» አለን። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነን አፍ ለአፍ እንድንተያይ አዘዘ።

ጓደኛዬ ብርቄ አፌ ውስጥ ፀሐይ እንድትገባ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ። ብዙ ቆየች።

«አንች፣ እንጥል የለሽም እኮ!» አለችኝ።

የእሷንም አየሁ፤ የለም። ሜዳው ሁሉ «የለም፣ የለም» ሆነ። ከዚያ ሁሉ ልጅ እንጥል የተገኘው ሁለት አፍ ውስጥ ብቻ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ግን መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ቤት ስገባ እናቴን የእኔ እንጥል የት እንደሄደ ጠየቅኳት። «በአርባ ቀንሽ አስቆረጥኩልሽ። ባይቆረጥ አንቆ ይገድልሽ ነበር» አለችኝ፣ ምስር መልቀሟን ሳታቆም። ክፋት የለባትም። በእኛ አገር እንጥል ሲያብጥ ሕፃን ያንቃል ይባል ስለነበር ሳያብጥም ይቆረጣል። እናቴ ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ቀብራለች። ፍርሃቷ እውነት ነበር።

ብዙ ሳይቆይ እንጥሉ ገና ያልተቆረጠውን የሦስት ወር ወንድሜን ሳልና ትኩሳት ያዘው። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ እማማ ጥሩነሽን ጠራች። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱ፣ እንጥልም የሚቆርጡ ሴት ናቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጫፉ የታጠፈ ትንሽ ቢላዋ አወጡ። እናቴ «ራሱን ደግፈሽ ያዥ» አለችኝ። እኔ ግን ሕፃኑን አንስቼ ጥግ ገባሁና ፊቱን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

«አልሰጥም!»

«ምን ነካት ይች? አበደች እንዴ?» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

«እንጥሉ ሥራ አለው! የእኔን ሳትጠይቁኝ ወስዳችኋል፤ የእሱን አልሰጥም! ጤና ጣቢያ ይሂድ!»

እናቴ ሁለት ጊዜ በጥፊ መታችኝ። አልለቀቅኩም። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ፤ «ቢሞትብኝስ? አንች ልትመልሽልኝ ነው?» አለችኝ። ከጥፊው ይልቅ ይኸ አመመኝ። ብቻ የበለጠ አቀፍኩት።

እማማ ጥሩነሽ ቢላዋቸውን መልሰው ጠቀለሉ። «በትግል መሀል ሕፃን አፍ ውስጥ ስለት አልከትም። ይች ጉደኛሽ ስትረጋ ጥሪኝ» ብለው ወጡ።

እናቴ ትንሽ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ልጁን አዘለችና ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሙ የወንድሜን አፍ አየ፣ ደረቱን አዳመጠ። «ጉሮሮው ደህና ነው። የታመመው ሳንባው ነው፤ እንኳን አመጣሽው» አላት። መድኃኒቱን እየወሰደ ዳነ። እናቴ ልክ ነበርሽ ብላኝ አታውቅም። ከእሱ በኋላ ለተወለደችው እህታችን ግን እማማ ጥሩነሽ አልተጠሩም።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ ሞጣ ተዳርኩ። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ደፋርም አይደለሁም። አንዳቸው ካስነጠሱ እህል አይወርድልኝም፤ ግንባራቸውን ስዳስስ እውላለሁ። ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጄ ስትታመም የባለቤቴ ታላቅ እህት እንጥል ቆራጭ ይዘው መጡ፤ አላስቆርጥም አልኳቸው። «ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረች ሴት ሐኪም ሆነችብን!» አሉ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብለው።

ለወንድሜ ጊዜ ጥግ ገብቼ ጮኬ ነበር። አሁን ግን አልጮኽኩም። ልጄን አዝዬ በሩ ድረስ ሄድኩና «እትዬ፣ ጤና ጣቢያ መሄዴ ነው። ከወደዱ አብረን እንሂድ፤ ካልወደዱ መንገዱን ይልቀቁልኝ» አልኳቸው። ማዘያዬን አጥብቄ በአጠገባቸው አልፌ ወጣሁ።