በምላስ የተለካ ገንዳ

አባቴ በአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ያጸዳ ነበር፤ እኔም እዚያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበርሁ። የገንዳው ውኃ ጨዋማ ነው፤ ከጨው ክሎሪን፣ ማለትም የውኃ ማጽጃ፣ የሚያወጣ መሣሪያ ተገጥሞለታል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በመረብ ይለቅማል፣ ግድግዳውን በብሩሽ ይፈገፍጋል፣ ማጣሪያውን ያጥባል። የጨውን ልክ ግን የሚያውቀው ጣቱን ነክሮ በመቅመስ ነበር። መለኪያ ወረቀቱ ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ሠራተኞች «ቀማሹ» ይሉታል፤ እርሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎት ነበር።

ዕድሜው ሲገፋ የእናቴ ሾርባ አልጥም አለው። «ምነው እጅሽ ጨው ሰሰተ?» እያለ ይነሰንስበታል። እናቴም ከገንዳህ ቀድተህ ጨምርበት ብላ ትስቅበት ነበር።

በዚያው ሰሞን የገንዳው መሰላል ዛገ። የገጠመው የሆቴሉ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የአክስቴ ባል ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ገንዳው ዳር ሰብስቦ፣ የማይረባ ብረት ገጥመህ አዋረድኸን እያለ የስድብ መዓት አወረደበት። የአክስቴ ባል ጨው በዝቶ ይሆናል፣ ውኃው ይታይልኝ ቢል፣ አባቴ ተጠየቀ።

«ውኃው ደህና ነው» አለ አባቴ።

የአክስቴ ባል ከሥራ ታገደ።

አባቴ ግን ተጠራጠረ። በማግስቱ ወረቀቱን ፈትቶ ቢነክረው ጨው ከልኩ እጥፍ ሆኖ አገኘው። መሣሪያውን ቢከፍተው፣ በየሦስት ወሩ በኮምጣጤ መዘፍዘፍ የነበረባቸው ብረቶች ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል። መሣሪያው በዚህ ታውሮ «ጨው አነሰ» ሲል፣ የደነዘዘ ምላሱም እውነት ነው ሲል፣ አባቴ የጨው ኬሻ በኬሻ ላይ ሲገለብጥ ከርሟል።

ግማሹን ውኃ አፍስሶ በንጹሕ ቢተካው ማንም አያውቅበትም ነበር። ማፍሰስ እንደ ጀመረ የአክስቴ ባል ዕቃውን ሊወስድ መጣ። አባቴ መሬት መሬት እያየ ሁሉን ነገረው።

«ለእኔ ለብቻዬ አትንገረኝ፣ ወንድሜ። እኔን ያዋረዱኝ በሰው ፊት ነው።»

በምሳ ሰዓት አባቴ ሠራተኛው ሁሉና ሥራ አስኪያጁ ባሉበት መመገቢያ ክፍል ገብቶ ቆመ። መረቡን ማስቀመጥ ረስቶ ነበር፤ ውኃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«መሰላሉን በጨው ያስበላሁት እኔ ነኝ» አለ። «ምላሴ መድከሙን አላወቅሁም። ስጠየቅ ግን መለካት እችል ነበር፤ አልለካሁም።»

ምግብ አብሳዩ፣ ለካስ ሾርባዬን የምታማው ለዚህ ነው ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

የአክስቴ ባል በዚያው ቀን ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ዋሉ። የአክስቴ ባል ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለሚያፈስሰው ጣሪያው እያነሣ አጫወተው እንጂ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አባቴ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እናቴ ነገሩን ሰምታ፣ የአክስቴ ባል ምን እንዳለው ብትጠይቀው፣

«ምንም አላለኝ» አላት። «ምናለ ቢሰድበኝ።»