የሯጭ ባት

ፊሽካ ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። አሰላ ከተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት ሜዳ አለ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ አሠልጣኝ ልጆች ሰብስቦ ያስሮጣል። ፊሽካው ሲጮኽ እኔ በቆጂ ነኝ፣ ጤዛ ያረጠበው የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ። የባሕር ዛፍና የቫዝሊን ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ምንም አላደረገኝም፣ ግን አልወደውም። ምን ላድርግ፣ አንዱ ፊሽካ ነፊ ሁሉንም አስጠላኝ።

ያ ፊሽካ ነፊ የስፖርት አስተማሪያችን ነበር። በቆጂ ሯጭ የሚወጣባት አገር ናትና ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሁሉ ራሱን ነቢይ ያደርጋል። ታናሽ ወንድሜ ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ በስምንት ዓመቱ፣ ይሄ ሰው በቁምጣ አየውና ባቱን ጨበጥ አደረገው። የወንድሜ ባት ከዕድሜው በላይ ወፍራምና ጠንካራ ነበር። "ይሄ እኮ የሯጭ ባት ነው!" አለ፣ ሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ። "ይሄን ልጅ ለእኔ ተዉት።" እናቴ ይህን የሰማች ቀን ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ እልል ማለት ነው የቀራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሩን በቫዝሊን እያሸች በዚያ ብርድ ትሰደው ጀመር። ሜዳው ድረስ የማደርሰው እኔ እህቱ ነበርኩ።

አይሮጥም ነበር እኮ! ሆዱን ገፍቶ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ እንደ ዳክዬ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ትንሽ ይሄድና ይወድቃል። ጉዱ ግን ከአወዳደቁ ይልቅ አነሳሱ ነበር። መጀመሪያ በእጁና በጉልበቱ ይሆናል፣ ቂጡን ያነሳል፣ ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያስደገፈ፣ ዛፍ እንደሚወጣ ሰው በገዛ እግሩ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ልጆቹ "ሽማግሌው" የሚል ስም አወጡለት። አስተማሪው ደግሞ "እግዜር ባት ሰጥቶት ልብ ነሳው" እያለ ያንኑ ያደነቀውን ባት በአርጩሜ ይለበልበዋል። አቤት ዓይን! አቤት እውቀት! ከዓመታት በኋላ ወንድሜን ስንቀብር እንኳ መጥቶ "ያ ባት ባክኖ ቀረ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እኔስ ብትይ፣ እኔም ያው ነኝ። "አታሰድበን፣ አንተ ሰነፍ!" እያልኩ ክንዱን ቆንጥጬዋለሁ። ይሄን ሁሉ ስነግርሽ ራሴን ከእነሱ አውጥቼ አይደለም። እሱ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ ሰነፍ አይደለሁም።" ማን ይስማው?

መውደቁ ሲበዛ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ድንቄም ሐኪም! የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ቀዳና "ታይፎይድና ታይፈስ" አለ። እኛ ጋ ክሊኒክ የገባ ሰው ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል አይወጣም፤ እግሩ ተሰብሮ ቢሄድም ያገኙበታል። ኪኒኑን ጨረሰ፣ ወደቀ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደሙን አይቶ "ጉበቱ ተጎድቷል" አለን፤ ዓመት ሙሉ ሥጋና ቅቤ ከለከልነው። ደሙ ውስጥ ያዩት ነገር የሚፈርስ ጡንቻ ምልክትም ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ነው። ጸሎት ቤት ደግሞ አንዱ ጸሎተኛ እጁን ጭኖበት፣ ልጁ እንደ ወትሮው ቢወድቅበት፣ "እምነት ይጎድለዋል" ብሎ አረፈው። ልጁ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም! ሁሉም የየራሱን አለማወቅ እዚያ ሕፃን ላይ ጥሎ ሄደ።

በመጨረሻ አሰላ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልን። እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኔና የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ ሚኒባስ ተሳፈርን። አያቴን አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አልለውም። እሱ በአገሩ የታወቀ ዘር ቆጣሪ ነው። ልጅ ሊዳር ሲል ይጠሩታል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሁለቱንም ወገን ሰባት ቤት ድረስ ይዘረዝራል፣ አንድ ስም አይስትም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የምትለውን ተረት ደግሞ ከአፉ አይለያትም።

ሐኪሙ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል፣ በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ሲሚንቶው ላይ ተነጥፋለች። መርፌ አላነሳም። ወንድሜን "እስኪ እዚህ ወለሉ ላይ ቁጭ በል" አለው። ተቀመጠ። "አሁን ተነስ።" ወንድሜ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ እንዳልስቅበት ነው። ከዚያ በገዛ እግሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። ያ ሁሉ ደም ሲቀዳ፣ ያ ሁሉ ኪኒን ሲታዘዝ፣ "ቁጭ ብለህ ተነስ" ያለው አንድ ሰው አልነበረም!

"እናቴ፣ በእርስዎ ወገን እንዲህ የሆነ ወንድ ልጅ ነበር? ወንድም፣ አጎት?" ብሎ እናቴን ጠየቃት።

አያቴ ቀደማት። "በዘራችን እንዲህ ያለ የለም!"

"አባባ፣ ወንድ ልጅ አልሞተብዎትም?"

"ሁለት ሞተውብኛል። አንዱን ፈረስ ጣለው፣ አንዱን ወባ ገደለው።"

በቆጂ ላይ ወባ! ትንኟ ራሷ ብትሰማ ትስቅ ነበር። ሁለት ያልተዳሩ አክስቶች ነበሩኝ፤ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሰውዬ ለእነሱ የትዳር ገበያ ሲል የገዛ ልጆቹን መቁጠር አቃተው። እንዲህ ያለውን ኩራት አፈር ይብላው።

እናቴ አባቷ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀን ግን "አባዬ፣ ይብቃዎት" አለችው። ወደ ሐኪሙ ዞረች። "ሁለቱም ወንድሞቼ እንደዚህ ነበር የሚነሱት። ኋላ መነሳትም አቃታቸው፤ በአሥራ ምናምን ዓመታቸው ጓዳ ውስጥ ተኝተው ነው የሞቱት። እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋባቸዋል። በሩን የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ልጄን ሯጭ ነው ሲሉኝ፣ እንግዲያው ያ አይደለም ብዬ ደስ አለኝ።"

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳን። ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ ነው፤ ያ የወፈረው ባት ራሱ የበሽታው ምልክት ነው፤ በእናት በኩል ወደ ወንድ ልጆች ይወርዳል፤ ማረጋገጫው ናሙና አዲስ አበባ ይላካል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ግን ከእንግዲህ አይሩጥ፣ አይመታ። እኛ ሴቶቹም ሳናውቅ ተሸክመነው ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ እኔን ሊጠይቁ ለመጡ ሽማግሌዎች ይህን ራሴ ነገርኳቸው፤ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው።

ከዚያ ሐኪሙ ወንድሜ ፊት ቁጢጥ አለ። "ስማኝ፣ አንተ ሰነፍ አይደለህም። እግርህ ስለታመመ ነው።"

ወንድሜ ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ በራ! ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴትዮ ነካ አደረጋትና "በሽታ አለብኝ እኮ!" አላት። ሴትዮዋ ደንግጣ "እግዚአብሔር ይማርህ፣ የኔ ልጅ" አለችው።

"አይድንም አለ ዶክተሩ" አላት እየሳቀ። "ግን ሰነፍ አይደለሁም።"

በቆጂ እስክንገባ ለሹፌሩም፣ ለረዳቱም፣ ለተሳፋሪውም አወራ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች፣ አያቴ በመስኮት የገብሱን ማሳ ያያል። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አልኖረም፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ግን ዳግመኛ አላየሁትም።