በከበሮው ሆድ የነበረው ጨርቅ

የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ይሉታል። በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ግቢ፣ ከመጋዘኑ ቀጥሎ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። በኮሪደሩ ሲያልፍ ጸሐፊዎቹ «ጆሮ መጣ፣ ሐሜቱን አቁሙ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ የላላ ብሎን፣ የተሰነጠቀ እንጨት። ድምፁ ያልጠራ መሣሪያ አያስረክብም፤ በዚህ ጠባዩ አለቆቹን ሳይቀር አስኮርፏል።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ጎልማሳ ሴት በአንሶላ የተጠቀለለ የወታደር ከበሮ ይዛ መጣች። ናሱ ጠቁሯል። የላይኛው ቆዳ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ በወፍራም ክር ተጥፋለች።

«የአባቴ ነው» አለች። «ከጦርነቱ ይዞት የተመለሰ። ሐሙስ ለሙዚየም እናስረክበዋለን። ከዚያ በፊት ግን ለጦር ሜዳ ጓደኞቼ አንዴ እመታዋለሁ ብሏል። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

«ቆዳውን ልቀይረው?»

«እንዳትነካው! ሁለታችንንም በቁማችን ይቀብረናል።»

ጆሮ ቆዳውን አልቀየረም። ብሎኖቹን ፈትቶ ሲከፍተው ግን ከቆዳው ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ አሮጌ ጨርቅ አገኘ። ጨርቅ ድምፅ ያፍናል። «የሰነፍ ሥራ!» ብሎ መንጭቆ አወጣውና የናሱን ጥቁረት በዚያው ጨርቅ ወልውሎ አስለቀቀው። ሲጨርስ ከሌሎቹ ቡትቶዎች ጋር ጆንያ ውስጥ ጣለው።

በማግሥቱ ሴትዮዋ አባቷን ደግፋ አመጣች። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል። መምቻውን ተቀብለው አንዴ መቱ፤ መስኮቱ ነዘረ። ጆሮ ፈገግ አለ።

«የማን ከበሮ ነው ይሄ?» አሉ ሽማግሌው።

«የእርስዎ ነዋ፣ አባባ! እንዲህ ሲጮህ ሰምተውት አያውቁም?» አለ ጆሮ።

«ሰምቼዋለሁ። ወደ ጦርነቱ ስንሄድ ይጮህ ነበር። ጨርቁስ?»

ጆሮ ወደ ጆንያው ዞር አለ። ሽማግሌው ወንበር ሳቡ።

«ኮረብታው ላይ አሥራ አንድ ሰው ቀበርን። ለቀብር ከበሮ ይታፈናል፤ ጨርቅ ግን አልነበረንም። ከእኔ በፊት ይሄን ከበሮ የሚመታው ልጅ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነበር። የሸሚዙን እጅጌ ቀድጄ አስገባሁበት። ከዚያ ወዲህ አላወጣሁትም።»

«አባባ፣ ይሄን ነግረኸኝ አታውቅም» አለች ልጃቸው።

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጥይቱ ቀዳዳ ነው።»

ጆሮ ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሃያ ሠላሳ ቁራጭ ጨርቅ ይሆናል፤ ሁሉም በመወልወያ ጠቁሯል። ትናንት የትኛውን እንደያዘ ሊለይ አልቻለም። የሰው ፊት ማየት አቅቶት አቀረቀረ።

«ወዲህ በለው፣ አንተ ልጅ» አሉት ሽማግሌው። ጆሮ ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል። አንድ በአንድ አቀበላቸው፤ እሳቸውም በጣታቸው እየዳበሱ መለሱለት። «ይሄ አንሶላ ነው... ይሄ የሱሪ ኪስ ነው፤ ባዶ ነው ደግሞ።» ልጃቸው ሳትወድ ሳቀች። አንዱ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ። ጠርዙ ላይ የአዝራር ቀዳዳ አለው።

«ልጠበው፣ አባባ?» አለ ጆሮ በቀስታ።

«ተወው። ያን ቀንም ከዚህ የባሰ ቆሽሾ ነበር።»

ጆሮ ጨርቁን በቦታው ወጥሮ ብሎኖቹን አጠበቀ። ሽማግሌው መቱ። ድምፁ ጎረቤት ቤት ውስጥ በር ሲዘጋ እንደሚሰማው ያለ ነበር። ጆሮ እንደ ልማዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ እጁ ወደ መፍቻው ሄደ። ከዚያ መፍቻውን ኪሱ ከተተውና ከከበሮው ጋር ለሙዚየሙ የሚሄደውን ወረቀት ሳበ። «ሆዱ ውስጥ ያለው ጨርቅ እንዳይወጣ» ብሎ ጻፈ። አሰበና ከሥሩ ጨመረበት፦ «አንድ ጊዜ በስሕተት ወጥቶ ነበር።» ፈረመበት።