ቅቤ የነካው ደብዳቤ

ጂንካ ገበያ መሀል ቅቤ ሲሸተኝ ልቤ ዕረፍት ያጣል። በደርግ ጊዜ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መምህራችን «ወረቀት ላይ ውሃ ይደርቃል፤ ቅባት ግን አይለቅም። ሰውነታችንም ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል» አሉን። ቤት እንደገባሁ ልሞክረው ቸኮልኩ። ሌላ ወረቀት ስላጣሁ ወንድሜ ከጦር ሜዳ በላከው ደብዳቤ ላይ ቅቤ አሸሁበት። «እመጣለሁ» ያለበት ቦታ እንደ መስታወት ብርሃን አሳለፈ።

መኪና በቆመ ቁጥር በር ላይ የምትወጣው እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። «ምኑን አጠፋሽው?» ብላ ነጠቀችኝ።

«አልጠፋም እማዬ፤ እመጣለሁ የሚለው ነው፤ ይነበባል።»

ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። «ለክፉ ቀን ይሁነኝ» አለች። የመምህሩን ቃል ከየት ሰማችው ብዬ ገረመኝ።

ወንድሜ አልመጣም። እሷም አለፈች፤ ደብዳቤው እኔ ጋ ነው። ቀለሙ ለቋል፤ ቅባቱ ግን አለ። መኪና ሲቆም ዛሬም ብድግ እላለሁ።