ያልታጠበ ከገመዱ አያልፍም

ሚስቴን ቤት ውስጥ ምን ብዬ እንደምጠራት አልነግራችሁም፤ ሥራ ቦታ ግን ሁሉም "ብሩሽ" ነው የሚላት። ፊት ለፊቷ "እትዬ ብሩሽ"፣ ዞር ስትል "ያቺ ብሩሽ"። ሥራዋ በባለ ረጅም እጀታ ብሩሽ ሰው ማጠብ ነው። ሰው ስላችሁ ራቁቱን አይደለም፣ እንዳትስቁ፤ ከእግር እስከ ራሱ በላስቲክ ቱታ የታሸገ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት የታጨቀበት አሮጌ መጋዘን አለ። በርሜሉ ዝጓል፣ ጆንያው ተቀዷል፣ መርዙ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። የሚያፀዱት ሰዎች ቱታ ለብሰው፣ ጭንብል አጥልቀው፣ ጓንታቸው ከእጅጌው ጋር በፕላስተር ተጠምጥሞ ይገባሉ። ሲወጡ መርዙ ከዚያ ወዲያ እንዳያልፍ የተወጠረው ገመድ ጋ ይቆሙና ሚስቴ ታጥባቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ቱታው የሚወልቀው። ያልታጠበ ከገመዱ አያልፍም። እኔ የቦቴ ሹፌር ነኝ። የማጠቢያውን ውኃ አመጣለሁ፣ ሰው ሲጎድልም የውኃውን ጎማ ይዤ እረጫለሁ።

በማጠብ ነገር ሚስቴ ቀልድ አታውቅም። አንዱ ሠራተኛ አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ጫማውን ሳያሳጥብ ገመዱን ዘሎ ሄደ፤ በዚያው ጫማ ቤቱ ገባ። ወለል ላይ የምትድህ ልጁ ሐኪም ቤት ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ የገዛ አባቷ ቢመጣ ሳታጥብ አታሳልፈውም። "ልጆቻችሁን የማላውቃቸው መሰላችሁ?" እያለች ከብብት እስከ ጫማ ሶል ትፈትጋቸዋለች።

ክፋት ግን የለባትም። በብርዱ ወራት ሰዎቹ በላብ ርሰው ሲወጡ ነፋሱ ይቀበላቸዋል፤ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ እኔ ቦቴው ውስጥ ሆኜ ይሰማኛል። በዚያ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ አንጀቷ አልቻለም። በርሜል ጥዳ ውኃ አሞቀች፣ ላስቲክ ወጥራ ነፋሱን ከለለች። ኃላፊው "ምንድነው ይሄ፣ መታጠቢያ ቤት ከፈትሽ እንዴ?" ቢላት፣ "አዎ፣ አንተም ጎራ በል፤ ሳያስፈልግህ አይቀርም" አለችው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ብርዱን እንዲህ እንዲያ ብለን ተወጣነው። ሙቀቱ ነው ጉድ የሠራን።

የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ውስጡ ምድጃ ነው። ቱታው አየር አያስገባ፣ አያስወጣ። ሰው ሲወጣ ላቡ ቦት ጫማው ውስጥ ይንቦጫቦጫል። መፍትሔው ውኃና ጥላ፣ ቶሎ ቶሎ ማረፍም ነው፤ ይሄን የማያውቅ የለም። ውኃው ግን አይጠጣም! ለምን በሉኝ። ውኃ የጠጣ ሽንቱ ይመጣል፤ ሽንቱ የመጣ መውጣት አለበት፤ የወጣ ደግሞ በሚስቴ እጅ መፈተግ፣ ማውለቅ፣ እንደገና መልበስ አለበት። ለአንድ ሽንት ይሄ ሁሉ ጣጣ! ስለዚህ ጠዋት አንድ ጉንጭ ውኃ ቀምሰው ይገባሉ።

በዚህ ከሁሉ የባሰው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ገና ጡት አልጣለም። ሥራውንም ለምና ያስገባችው እሷው ናት። ልጁ ምላሰኛ ነው፣ ሲያስቅ አይጣል። "ጠጣ እንጂ አንተ!" ስትለው፣ "እታለም፣ ጥሙ ይሻለኛል። ያንቺን ብሩሽ በቀን ሁለቴ የሚችል ገላ የለኝም" ይላታል። እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኛ እኮ መፍራቱንም አላወቅንበትም።

የዚያን ቀን ፀሐይዋ ገና ከጠዋቱ አናት ትበሳ ነበር። ከቀትር በኋላ ከመጋዘኑ ሲወጣ አየሁት፤ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ቀልድ መስሎኝ "ማን ጋብዞህ ነው ደግሞ?" አልኩት። ማጠቢያው ጋ ሲደርስ ቁጭ አለ፣ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ። የጭንብሉ መስታወት እንፋሎት ሸፍኖት ፊቱ አይታይም። ደረቱ ላይ ያ የተረገመ ቢጫ ዱቄት ተለጥፏል።

ኃላፊው ከጥላው ሥር ብድግ ብሎ "ሳይታጠብ እንዳትነኩት!" ሲል ጮኸ። አልፈርድበትም፣ ደንቡ ነው። ለአደጋ ጊዜ ቱታ መቅደጃ የተሰጠን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሚስቴ መቀሱን አየችው። ያነሳችው ግን ብሩሹን ነው።

"ርጭ!" አለችኝ። ረጨሁ። ቦቴው ውስጥ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ውኃ፣ እሱም ትኩስ። ከራሱ ጀመረች፣ ወደ ትከሻው፣ ወደ ብብቱ ወረደች። እጇ ይፈጥናል፤ አንድም ቦታ ግን አትዘልም። "አይዞህ ሆዴ፣ ጨረስን። እጅህን አንሳ። እሺ ተወው፣ እኔ አነሳዋለሁ። አሁን እግርህን። እግርህን አንሳልኝ የኔ ጌታ።" አላነሳም። "አንሳ እንጂ!" ብላ ጮኸችበት።

"አንቺ ሴት፣ ቅደጂው!" አልኳት። ጎማውን ግን እኔም አልጣልኩም። ሁለተኛውን እግር ጨርሳ ነው መቀሱን ያነሳችው። ቱታው ሲቀደድ ከውስጡ የወጣው ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ። ገላው ይፋጃል፣ ዓይኑ ተገልብጧል።

ሐኪም ቤት ነርሷ፣ "ከወደቀ በኋላ ምን ያህል ቆይታችሁ ነው ልብሱን ያወለቃችሁለት?" ብላ ጠየቀች። "እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ መቅደድና ማቀዝቀዝ ነው፤ ሌላው በኋላ ይደረስበታል።" ሚስቴን ቀድሜ "ወዲያው ነው ያወለቅነው" አልኩ እኔ።

ዳነ፣ መዳን ከተባለ። እግሩን ይጎትታል፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆየ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ያ ምላሰኛ ልጅ አሁን አንድ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ ሰው ትዕግሥት ያጣል። እኛው ቤት አመጣነው። የመጣ ጠያቂ ሁሉ ሚስቴን "አንቺ ባትኖሪ አልቆለት ነበር እኮ" ይላታል። እሷ ቡናውን መቅዳቷን ትቀጥላለች።

ሥራዋ ላይ ሌላ ሰው ሆናለች። ዓይኗ እያየ የውኃ ጠርሙሱን ያልጨረሰ አይገባም። ፀሐይ ከበረታች ሥራ የለም። ለሽንት የወጣውን እንደ እንግዳ ነው የምትቀበለው፤ መቀሱም ከአንገቷ አይወርድም። ኃላፊው ቢያጉረመርም "አባረኝ!" ትለዋለች፤ ከየት ጀግንነት አምጥቶ ያባርራታል።

ቤት ውስጥ ግን የዚያን ቀን ነገር አይነሳም። ራሱን ስቶ ነበር፣ ምንም አያውቅም እያልን ነው የኖርነው። ሌሊት ስትገላበጥም የምላት ይሄንኑ ነው፤ "አልሰማም እኮ፣ ምን ያስጨንቅሻል?"

ባለፈው እሑድ ጫማ እያደረገችለት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ማሰር ስለማይሆንለት ነው። ከላይ ሆኖ ሲያያት ቆየና፣ "እታለም፣ ያን ቀን... እሰማሽ ነበር" አላት።

እጇ ቆመ።

"እግርህን አንሳ ስትዪኝ... ላነሳልሽ ፈልጌ ነበር። እምቢ አለኝ።" ቃሉን እስኪያገኝ ታገለ። "ተቆጣሽኝ። እምቢ ያልኩሽ... እኔ አይደለሁም። እንዳትቀየሚኝ።"

ሚስቴ ጫማውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ነገር እንድልላት ቀና ብላ አየችኝ። ምን ልበላት?